ሁለት ትዊን የአንድን ካርድ ቦታ ሲሻሙ

ጥያቄዎ በአጭሩ ይህ ነው፦ በጂሳፕ (በድረ ገጽ ላይ ነገሮችን ለማንቀሳቀስ የሚያገለግል የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) ታይምላይን፣ ማለትም እንቅስቃሴዎች በጊዜ ቅደም ተከተል በሚደረደሩበት መስመር፣ አንድን ካርድ በወጥ ፍጥነት በ2 ሰከንድ ውስጥ 300 ፒክሰል ወደ ቀኝ ወስደዋል፤ 1ኛው ሰከንድ ላይ ደግሞ ያንኑ ካርድ በግማሽ ሰከንድ ወደ 100 ፒክሰል የሚመልስ ሁለተኛ ትዊን (በተወሰነ ጊዜ ከመነሻ ወደ መድረሻ የሚወስድ አንድ እንቅስቃሴ) አስገብተዋል። ካርዱ እንደታሰበው ወደ ኋላ ይመለስና በድንገት ወደ ፊት ይዘላል።

የሚሆነውን በቁጥር እንከተለው። 1ኛው ሰከንድ ላይ የመጀመሪያው ትዊን ካርዱን 150 ላይ አድርሶታል። ሁለተኛው ትዊን መነሻውን የሚያነበው ሥራ በሚጀምርበት ቅጽበት ስለሆነ ከ150 ተነስቶ ወደ 100 ይጓዛል። የመጀመሪያው በዚህ መካከል አልቆመም፤ በየፍሬሙ፣ ማለትም ብራውዘሩ ምስሉን ባደሰ ቁጥር፣ የራሱን ቁጥር መጻፉን ይቀጥላል፤ ይሁን እንጂ ሁለተኛው ከእሱ ቀጥሎ ስለሚሠራ በላዩ ላይ ይጽፍበታል፣ ብራውዘሩም የሚያሳየው በመጨረሻ የተጻፈውን ብቻ ነው። 1.5 ሰከንድ ሲሞላ ሁለተኛው ትዊን ካርዱን 100 ላይ ትቶት ያበቃል። የመጀመሪያው በስሌቱ 225 ደርሷልና፣ አሁን በላዩ የሚጽፍበት ስለሌለ ካርዱን በአንድ ፍሬም 125 ፒክሰል ያስፈነጥረዋል።

ብዙዎች በዚህ ጊዜ የሚሰጡት ምክር በሁለተኛው ትዊን ላይ ኦቨርራይትን (ትዊኖች ሲጋጩ የቀደመው ምን እንደሚሆን የሚወስነውን ቅንብር) «አውቶ» ማድረግ ነው። ይህ ቅንብር በጂሳፕ 2 ሳይነኩትም አውቶ ነበር፤ በጂሳፕ 3 ግን ካላበሩት አይሠራም፤ ስለዚህ ከድሮ ምሳሌ የተቀዳ ኮድ በአዲሱ ላይ ሌላ ጠባይ ቢያሳይ አይገርምም። ዝላዩን በእርግጥ ያጠፋል፤ ሆኖም የመጀመሪያውን ትዊን አግድም እንቅስቃሴ ለጊዜው አያስቆመውም፣ ጨርሶ ይሰርዘዋል። ታይምላይኑን እንደገና ሲያጫውቱ ካርዱን ከ0 የሚያስነሳው ትዊን የለም። እኔ አውቶን የምጠቀመው ማውዝ ሲያርፍና ሲነሳ ለሚፈጠሩ፣ መቼ እንደሚመጡ ለማይታወቁ ትዊኖች ነው። ጊዜው አስቀድሞ በታወቀ ታይምላይን ውስጥ ግን ግጭቱን ራስዎ ቢያስወግዱት ይሻላል፦ የመጀመሪያውን ትዊን በ1 ሰከንድ 150 ላይ እንዲያበቃ ያሳጥሩት፣ ሁለተኛው ከዚያ ይቀጥል፣ ወደ 300 የሚወስደው ጉዞም ለብቻው ሦስተኛ ትዊን ይሁን።

ምናልባት የፈለጉት ካርዱ ጉዞውን ሳያቋርጥ በመሃል ትንሽ እንዲያፈገፍግ ከሆነ፣ ማለትም ሁለቱ እንቅስቃሴዎች እንዲደመሩ ከሆነ፣ መፍትሔው ካርዱን በሌላ ዲቭ (ሌሎች ነገሮችን በሚይዝ የገጽ ሳጥን) መጠቅለል ነው። የውጪው ዲቭ ከ0 እስከ 300 ይጓዛል፤ የውስጡ ካርድ በ«<1» ቦታ ላይ ተቀምጦ፣ ማለትም ከፊተኛው ትዊን ጅማሬ 1 ሰከንድ ዘግይቶ፣ 50 ፒክሰል ወደ ግራ ሄዶ ይመለሳል። እያንዳንዱ ኤለመንት አንድ ጸሐፊ ብቻ ስላለው የሚጋጭ ነገር አይኖርም፤ ታይምላይኑንም ወደ ኋላ ቢያጫውቱት አይበላሽም።

ማሽከርከር ወይም ማሳደግ ቢጨምሩ ግን መጠቅለያ አያስፈልግዎትም። ጂሳፕ አግድሙን፣ ቁመታዊውን፣ ዙረቱንና መጠኑን ለየብቻ ይዞ በመጨረሻ በአንድ ትራንስፎርም (የአንድን ነገር ቦታ፣ ዙረትና መጠን በጋራ በሚይዝ የብራውዘር ቅንብር) ስለሚጽፋቸው፣ በጊዜ ቢደራረቡም አይነካኩም። በብራውዘሩ በራሱ የዌብ አኒሜሽን ዘዴ ግን ትራንስፎርም እንደ አንድ ነገር ስለሚቆጠር፣ እንዲደመር ካላዘዙት በስተቀር የኋለኛው የፊተኛውን ይሸፍነዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳይመለከቱ አይለፉ፦ በካርዱ ሲኤስኤስ (መልኩን በሚወስነው ኮድ) ላይ ለትራንስፎርም ትራንዚሽን (ለውጥን ቀስ በቀስ የሚያሳይ ትእዛዝ) ተጽፎ እንደሆነ ያውጡት። ጂሳፕ በየፍሬሙ የሚጽፈውን አዲስ ቦታ ሁሉ ብራውዘሩ በራሱ ትራንዚሽን ሊያለሳልሰው ስለሚሞክር፣ ካርዱ እየተጎተተ ይዘገያል፤ ይህም ከትዊን ግጭት ጋር በቀላሉ ይምታታል። «ሁሉም» ተብሎ የተጻፈ ትራንዚሽንም ትራንስፎርምን ያካትታል።

ካስተካከሉ በኋላ የታይምላይኑን ፍጥነት ወደ 0.1 ዝቅ አድርገው ያጫውቱት። 2ቱ ሰከንድ 20 ይሆናልና አሁንም ዝላይ ካለ በየትኛው ትዊን መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ እንደሚከሰት በዓይንዎ ያዩታል።