መብራት በጠፋ ሌሊት ማን ይንቃ?

ጥያቄ፦ የምኖረው በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለፈው ወር ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የእኛ አራት ብሎኮች ብቻ ጨለሙ። እንደተለመደው መብራት የጠፋ መስሎን ተኛን። ጠዋት ስንወርድ የትራንስፎርመሩ ዘይት ሣሩ ላይ ፈስሶ፣ በምሰሶው ወደ መሬት የሚወርደው የመዳብ ሽቦም ከሥሩ ተቆርጦ አገኘነው። ሌላ ትራንስፎርመር እስኪተከል አሥራ ስምንት ቀን በጨለማ ቆየን፤ የእናቴን ኢንሱሊን ለማቆየት በየቀኑ ከሌላ ሰፈር በረዶ ስናመላልስ ሰነበትን። አሁን ወጣቶቹ ዱላ ይዘን በተራ እንጠብቅ ይላሉ፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ንብረቱ የመንግሥት ስለሆነ ጥበቃውም የመንግሥት ነው ባዮች ናቸው። ምን ይመክሩናል?
ዕድርተኛ ነኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ እናትዎ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። ሽማግሌዎቹ ስለ ባለቤትነቱ የተናገሩት ትክክል ነው፤ ትራንስፎርመሩ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ንብረት ነው። ይሁን እንጂ በየሰፈሩ ለተሰቀለ ትራንስፎርመር ሁሉ ዘበኛ ማቆም የሚችል ተቋም የለም፤ በዚያ ሰዓት በመስኮት ብቅ ብሎ ሊያየው የሚችለው አጠገቡ የሚኖር ሰው ብቻ ነው። የወጣቶቹን መነሣሣት አከብራለሁ፤ ዱላውን ግን አልደግፍም፤ ምክንያቱን ከታች እገልጻለሁ።

ከደብዳቤዎ ውስጥ ዋናው ነገር «አራት ብሎኮች ብቻ ጨለሙ» ማለትዎ ነው። ወደ ሰፈር ትራንስፎርመር የሚገባው መስመር ብዙውን ጊዜ 15 ኪሎ ቮልት የሚሸከም ስለሆነ ሌባ ኃይል እያለበት አይነካውም። ስለዚህ ወይ ከላይ ያለውን ፊውዝ ያወርዳል፣ ወይ መብራት በሌላ ምክንያት የጠፋበትን ሌሊት ይጠብቃል። ጎረቤት ብሎኮች እየበሩ የእናንተ ብቻ ሲጨልም ፊውዙ በጭነት ብዛት ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፤ ግን አንድ ሰው ምሰሶው ላይ ወጥቶም ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ምክንያት ወዲያውኑ ወደ 905፣ ማለትም ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎቱ የጥሪ ማዕከል፣ መደወል ያስፈልጋል፤ እንቅስቃሴ ካያችሁ ደግሞ ለፖሊስ በ991 ንገሩ። ሰፈራችን መብራት ሲኖር ነቅቶ መብራት ሲጠፋ የመተኛት ልማድ አለው፤ ለሌባው የሚመቸውም ይኸው ነው።

ዘይቱ የፈሰሰው ለዘይቱ ብቻ ተብሎ ላይሆን ይችላል። በትራንስፎርመሩ ሆድ ውስጥ ያለው የመዳብ ጥቅል በዘይት የተዘፈቀ ነው፤ ዘይቱ ጥቅሉን ያቀዘቅዛል፣ ሽቦው ከሽቦው ጋር እንዳይገናኝም ይከላከላል። ዘይቱ ወጥቶ ኃይል ከተለቀቀ ጥቅሉ ግሎ ይቃጠላል፤ ለጥቂት ኪሎ መዳብ ሲባል የመቶዎች ቤተሰብ አገልግሎት ይወድማል። በነገራችን ላይ፣ እንዲህ ያለውን ዘይት በርካሽ የሚያቀርብላችሁ ሰው ቢመጣ ለምጣድም ለምንም የቤት ሥራ አትቀበሉ፤ ጤና ይጎዳል።

የመሬት ሽቦው መቆረጥ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን መብረቅ ሲወርድ ወይም ብልሽት ሲፈጠር ኃይሉ ወደ መሬት የሚሄድበት መንገድ እሱ ነው። ከዚህ የባሰው የኒውትራል መስመር፣ ማለትም ኃይሉ ከቤት ወደ ትራንስፎርመሩ የሚመለስበት ሽቦ፣ መቆረጥ ነው። ያን ጊዜ 220 ቮልት ይገባበት የነበረ ቤት እስከ 380 የሚጠጋ ሊገባበት ይችላል፤ የአንዱ ቤት አምፖል ከወትሮው በላይ ሲደምቅ የጎረቤቱ ይደበዝዛል፣ ቴሌቪዥንና ፍሪጅም ይቃጠላሉ። ይህን ምልክት ያየ ሰው የቆጣሪውን ብሬከር አጥፍቶ ይደውል፤ ሽቦውን እቀጥላለሁ ብሎ ወደ ምሰሶው እንዳይጠጋ።

ወደ ዱላው ልመለስ። የጥገና ሠራተኞች ለአስቸኳይ ብልሽት በሌሊትም ይወጣሉ፤ ጨለማ ውስጥ መሰላል የያዘውን ሁሉ ሌባ ነው ብሎ የሚከብ ጉባኤ አንድ ቀን ንጹሕ ሠራተኛ ይጎዳል። ሌባም ቢሆን እላዩ ላይ ሲጮኹበት የቆረጠውን ሽቦ ጥሎ ይሸሻል፤ የወደቀ ሽቦ ደግሞ ኃይል ሊኖርበት ስለሚችል ቢያንስ 10 ሜትር ርቆ መቆም ይገባል። ስለዚህ ተረኞቹ ባትሪና ስልክ ይያዙ፤ ከርቀት የመኪናውን ሰሌዳ ይመዝግቡ፣ መታወቂያና የሥራ ትእዛዝ ይጠይቁ፣ ወደ 905 ደውለው ለዚያ ምሰሶ ቡድን መመደቡን ያረጋግጡ። እውነተኛ ሠራተኛ በዚህ አይቀየምም። ከዕድሩ ገንዘብ ጥቂት ቀንሳችሁ በሶላር ባትሪ የሚሠራ፣ መብራት ሲጠፋም የማይጠፋ አንድ መብራት በትራንስፎርመሩ አቅጣጫ ግድግዳችሁ ላይ ብታስተክሉ ከአሥር ዱላ ይበልጣል። ለብሎኮቹ ጥበቃ የምትከፍሉ ከሆነም ትራንስፎርመሩን የሚጎበኝበት ሰዓት በውሉ ውስጥ በጽሑፍ ይግባ።

ጥያቄ፦ በለገጣፎ አሮጌ ብረት እየገዛሁ እሸጣለሁ። ቆራሌዎች የሚያመጡልኝን ሁሉ ከየት እንደመጣ ማወቅ አልችልም። እኔ ገንዘብ ከፍዬ ነው የምገዛው፤ ተጠያቂ የምሆነው በምንድን ነው?
ነጋዴ፣ ከለገጣፎ

መልስ፦ ገንዘብ መክፈልዎ ብቻ ነጻ አያወጣዎትም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ወይም መገመት እየቻለ ዕቃ የተቀበለን ሰው በመሸሸግ ወንጀል ይጠይቀዋል። በቀጥታ መሠረተ ልማቱን ላጠፋው ሰው ደግሞ የቴሌኮሙኒኬሽንና የኤሌክትሪክ ኃይል መረቦችን ደኅንነት ለመጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 464/1997 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀምጣል።

መለየቱ ደግሞ እንደሚሉት አይከብድም። የኤሌክትሪክ መስመር ማማ ብረት በዚንክ የተለበጠ፣ ባለ ሁለት ክንፍ ማዕዘን ሆኖ ጫፉ ላይ የቡሎን ቀዳዳዎችና በማተሚያ የተመታ ቁጥር አለው፤ ይህ ብረት ከቤት ፍራሽ አይወጣም። ከዓባይ ግድብ ተነሥቶ ሆለታ የሚደርሰውን የ500 ኪሎ ቮልት መስመር የተሸከሙት ማማዎች የቆሙት በእንዲህ ባሉ ብረቶች ነው፤ ከእግሩ አግዳሚዎቹ የተፈቱበት ማማ ነፋስ ሲመታው ሊታጠፍ ይችላል። ተጠምዝዞ የተገመደ ወፍራም አሉሚኒየም፣ ልባሱ በእሳት ተቃጥሎ የጠቆረ መዳብ፣ ዘይት ያረፈበት የመዳብ ጥቅል ሲመጣልዎ አይመዝኑ። ሌላውን ዕቃ ሲገዙም የሻጩን መታወቂያ ቀድተው፣ ቀኑን፣ ክብደቱንና የዕቃውን ዓይነት በመዝገብ ይያዙ። መታወቂያ ሲጠየቅ ጆንያውን አንሥቶ የሚሄድ ሻጭ ካጋጠመዎት የሄደበትን አቅጣጫ በዚያው ሰዓት ለፖሊስ ይንገሩ፤ ሽቦው የተቆረጠበት ሰፈር ምናልባት ገና ከጨለማ አልወጣም።