ወባ የለም ከተባለ ትኩሳቱ ከምን መጣ? ጥያቄና መልስ

የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ትንኝና መዥገር ስለሚያመጡት ትኩሳት ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ነው የምኖረው። ወባ የለም፣ ታይፎይድ ነው ተብዬ መድኃኒቱን ጨረስኩ። ትኩሳቱ ግን አልለቀቀኝም።

መልስ፦ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ተመለስ። ታይፎይድ የተባልከው ዊዳል በሚባለው የደም ምርመራ ብቻ ከሆነ እኔ አልተማመንበትም። ዊዳል የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ድሮ በዳነ ሕመም ወይም በክትባት ምክንያትም ፖዘቲቭ ይላል። የሚሻለው የደም ካልቸር ነው፣ ማለትም ከደምህ ባክቴሪያውን ራሱን አሳድጎ ማየት፤ እሱ ደግሞ በአብዛኛው ጤና ጣቢያ የለም። ያንተ ከተማ በ2013 እ.ኤ.አ. ደንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ በወረርሽኝ መልክ የገቡባት ናት። ሁለቱም ትንኝ የምታስተላልፋቸው ቫይረሶች ስለሆኑ አንቲባዮቲክ አይነካቸውም። ሰው መድኃኒት ሲቀያይር ገንዘቡም አቅሙም ያልቃል፣ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ እኔ እኮ አጎበር ውስጥ ነው የምተኛው!

መልስ፦ አጎበሩን አትተዪው፣ ለወባ ያስፈልግሻል። የደንጊዋ ትንኝ ኤደስ ግን በቀን ነው የምትናከሰው። የምትራባው በበርሜል፣ በጀሪካንና በተጣለ ጎማ ውስጥ ባለ ውሃ ነው። እንቁላሏ ከዕቃው ግድግዳ ላይ ስለሚጣበቅ ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም፤ በየሳምንቱ ፈግፍጎ ማጠብና ክዳኑን ግጥም ማድረግ ነው። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው የከተማ ወባ አስተላላፊም በዚሁ በርሜል ትፈለፈላለች።

ጥያቄ፦ ለሕመሙ ማስታገሻ ዳይክሎፌናክ መርፌ ብወጋስ?

መልስ፦ ደንጊ አለመሆኑ ሳይታወቅ አይሆንም፣ መድማትን ያባብሳል። አስፕሪንና አይቡፕሮፌንም እንደዚያው። ፓራሲታሞል በልኩ ውሰድ፣ ፈሳሽ አብዛ። ትኩሳቱ በረድ ሲል ሆድ ክፉኛ ካመመ፣ ትውከት ካላቆመ ወይም ድድ ከደማ ሆስፒታል ነው።

ጥያቄ፦ ፈጣን ምርመራው ወባ የለም ካለ አበቃ?

መልስ፦ አላበቃም። ብዙዎቹ ኪቶች የሚፈልጉት የወባ ተውሳክ የሚያመርተውን ኤችአርፒ2 የሚባል ፕሮቲን ነው፤ በኢትዮጵያና በኤርትራ ግን ይህን ፕሮቲን የማያመርቱ የፋልሲፓረም (የከባዱ ወባ ተውሳክ) ዝርያዎች ተገኝተዋል። በማይክሮስኮፕ ይታይላችሁ። በዚያው ስላይድ ላይ በቅማል የሚተላለፈውና እየለቀቀ የሚያገረሸው ትኩሳት ባክቴሪያም ሊታይ ይችላል።

ጥያቄ፦ አባቴ ከብት ያረባሉ። ትኩሳት አላቸው፣ ብብታቸው ሥር ጥቁር ቅርፊት ያለው ቁስል ወጥቷል።

መልስ፦ መዥገር የነከሳቸው ይመስለኛል። ሪኬትሲያ አፍሪኬ የሚባለው ባክቴሪያ በአገራችን የከብት መዥገር ላይ ከተገኘ ቆይቷል። ሐኪሙ ከጠረጠረው ዶክሲሳይክሊን ያዝላቸዋል፣ ቶሎም ይሻላቸዋል። ግን ቁስሉ በልብስ ተሸፍኖ ስለሚቀር፣ ባይጠየቁም ያሳዩት፤ ከከብት ጋር እንደሚውሉም አንቺው ንገሪላቸው።