ሲሠራም «ለምን?» በሉ፦ ኮምፒውተር ሳይንስ ለምትጀምሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች

ይህን የምጽፈው ሁለተኛ ደረጃ ገብታችሁ የኮምፒውተር ሳይንስ ፕሮግራም ለመረጣችሁ፣ ወይም «ልግባ አልግባ» እያላችሁ ለምታመነቱ ልጆች ነው። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ኮድ (ለኮምፒውተር የሚሰጥ ትእዛዝ) በመጻፍና ሌሎች የጻፉትን በማረም ነው። ብዙ ጀማሪዎችንም አጠገቤ አስቀምጬ አሠርቻለሁ። ያየሁትን በግልጽ ልንገራችሁ። አንዱን ከሌላው የሚለየው ቀድሞ ኮድ መቻሉ አይደለም። ፕሮግራሙ እምቢ ሲልም ሲሠራም «ለምን?» ብሎ የመጠየቅ ልማዱ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ልጅ ያስደነግጣሉ። ክፍሉ ውስጥ ሁሌም ሁለት ሦስት ልጆች አሉ፤ ጌም ሠርተው የመጡ፣ የራሳቸው ዌብሳይት ያላቸው፣ መምህሩ ጥያቄውን ሳይጨርስ እጃቸውን የሚያወጡ። ሌላው ገና ቅንፍ ኪቦርዱ ላይ የት እንዳለ እየፈለገ ነው። ያን ጊዜ «ይሄ ነገር ለኔ አይደለም» ብለው የሚተዉ ልጆች በጣም ያሳዝኑኛል። ያዩት እኮ የችሎታ ልዩነት አይደለም፤ አንዱ ቀድሞ ጀምሯል፣ ሌላው ዛሬ ጀመረ፣ ይኸው ነው። የመግቢያ ኮርስ የሚነሳው ከዜሮ ነው። ቫሪያብል (ዋጋ የሚያዝበት ስም)፣ ኢፍ («እንዲህ ከሆነ» የሚል ትእዛዝ)፣ ሎፕ (ትእዛዝ መደጋገሚያ)፣ ፈንክሽን (ስም የተሰጠው የትእዛዝ ስብስብ)፣ ሊስት (የነገሮች ዝርዝር)፤ የመጀመሪያው ዓመት በአብዛኛው በእነዚህ ዙሪያ ነው የሚሽከረከረው። ቀድሞ የመጣውም ልጅ ብዙ ሳይቆይ ለሱም አዲስ የሆነ ነገር ላይ ይደርሳል።

ቀድማችሁ ከምታውቁት ወገን ከሆናችሁ ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። ጥንድ ሆናችሁ ስትሠሩ ኪቦርዱን ለጓደኛችሁ ልቀቁ። እናንተ አጠገቡ ሆናችሁ በቃል አስረዱ። የምታውቁትን በአፋችሁ ለማስረዳት ስትሞክሩ የት ቦታ ላይ እንደማታውቁት ወዲያው ይገለጥላችኋል፤ ጓደኛችሁም በእጁ ሠርቶ ይማራል። ዓመቱን ሙሉ ከኋላ ቆሞ የሰው ስክሪን ሲያይ የከረመ ልጅ፣ ጥፋቱ የሱ ሳይሆን፣ ምንም ሳይዝ ይወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ፕሮግራማችሁ ኤረር (የስህተት መልእክት) ሲያወጣ አትደንግጡ፣ አትሰርዙት። አንብቡት። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከሆነ ከታች ጀምሩ፤ የመጨረሻው መስመር የስህተቱን ዓይነት ይነግራችኋል፣ ከሱ ከፍ ብሎ ደግሞ የመስመር ቁጥር አለ። ኔም ኤረር ካላችሁ አብዛኛውን ጊዜ የቫሪያብሉን ስም አንድ ቦታ አሳስታችሁ ጽፋችኋል፣ ትልቁንና ትንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል አቀያይራችሁ ሊሆንም ይችላል። ኢንዴክስ ኤረር ካላችሁ ሊስቱ ውስጥ የሌለ ቦታ ጠይቃችኋል፤ 5 ነገሮች ያሉት ሊስት ቁጥሩ ከ0 ተነስቶ 4 ላይ ያበቃል። ሲንታክስ ኤረር ሲሆን የተጠቆመው መስመር ደህና ሆኖ ጥፋቱ ከሱ በላይ ባለው መስመር ላይ ያልተዘጋ ቅንፍ ሊሆን ይችላል። መልእክቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙዎቻችሁ ሳታዩት ታልፋላችሁ። አትለፉት፤ ደጋግመው የሚመጡት ቃላት ጥቂት ናቸው፣ በደብተራችሁ ጻፏቸው።

ግን ከኤረሩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ዝም ብሎ የሚሠራው ኮድ ነው።

ፓይተን ከፍታችሁ 0.1 + 0.2 ብላችሁ ጻፉ። የሚመጣላችሁ 0.3 አይደለም፤ 0.30000000000000004 ነው። ምንም ኤረር የለም። ኮምፒውተሩም አልተበላሸም። ቁጥር የሚያስቀምጠው በ0 እና በ1 ስለሆነ፣ እኛ አንድ ሦስተኛን በአስርዮሽ ጽፈን መጨረስ እንደማንችለው ሁሉ፣ እሱም 0.1ን በትክክል ጽፎ መጨረስ አይችልም፤ የሚያስቀምጠው በጣም የሚቀርበውን ቁጥር ነው። ይህን ያልጠየቀ ልጅ ነገ የሰው ሒሳብ የሚሠራ ፕሮግራም ይጽፍና ሳንቲም ሲጎድል የት እንደገባ ግራ ይገባዋል።

ትልልቆቹም ላይ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1996 አሪያን 5 የተባለችው የአውሮፓ ሮኬት በመጀመሪያ በረራዋ ከተነሳች 1 ደቂቃ ሳይሞላት ፈነዳች። ሶፍትዌሩ በ64 ቢት (ቢት ማለት አንድ የ0 ወይም የ1 ቦታ ነው) የተያዘ ቁጥር ወደ 16 ቢት ሲቀይር ቦታው ለቁጥሩ አልበቃውም፤ እዚያ ቦታ ላይ ሊያዝ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 32,767 ነው። የሚገርመው ያ ኮድ በፊተኛዋ ሮኬት በአሪያን 4 ላይ ያለ ችግር ሲሠራ የኖረ ነው። አዲሷ ሮኬት ግን ፍጥነቷና አካሄዷ ሌላ ነበር። «ድሮ ሠርቷል» ማለት «ለምን እንደሠራ እናውቃለን» ማለት አይደለም። እናንተም ከጓደኛ የገለበጣችሁት ኮድ በሱ ጥያቄ ላይ ስለሠራ በእናንተም ላይ ይሠራል ማለት አይደለም።

«ለምን?» ማለት ግን ጥፋት ማደን ብቻ አይደለም፣ ትምህርቱን የሚያጣፍጠውም እሱ ነው። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፣ ቁጥር ነው የሚያውቀው። ፊደልን በቁጥር የሚያስቀምጠው፣ አስኪ የሚባለው የድሮ አሠራር ለ128 ምልክቶች ብቻ ነበር ቦታ ያለው፣ ስለዚህ ለእኛ ፊደል ቦታ አልነበረውም። የግዕዝ ፊደል፣ ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዩኒኮድ «ሀ» 4608 ናት፣ «ሁ» 4609፣ «ሂ» 4610፤ «ለ» ደግሞ 8 ቁጥር አልፋ 4616 ላይ ትገኛለች። እስቲ በሎፕ ከ4608 እየተነሳችሁ፣ በየመስመሩ 8 እየዘለላችሁ፣ ፊደል ገበታውን አሳትሙ። ጥቂት ከሄዳችሁ በኋላ ባዶ ቦታዎች ያጋጥሟችኋል። ለምን ባዶ እንደሆኑ ፈልጋችሁ ድረሱበት። ሎፕ በሎፕ ውስጥ የሚለውን ምዕራፍ ከዚህ በተሻለ የሚያስተምር የቤት ሥራ አላውቅም።

ስለ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሳልናገር ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ። ዛሬ ጥያቄውን ለጥፋችሁ መልሱን በሰከንድ ታገኛላችሁ፤ የመጀመሪያ ዓመት ጥያቄዎችን ደግሞ በደንብ ይሠራቸዋል። እኔም በሥራ ቦታ እጠቀምበታለሁ፣ አትንኩት አልልም። ነገር ግን ሎፕ ገና በእጃችሁ ሳይገባ ሎፕ የሚጽፍላችሁ ካገኛችሁ፣ የጻፈው ልክ ይሁን ስህተት የምትለዩበት ምንም ነገር አይኖራችሁም። መጀመሪያ ራሳችሁ ሞክሩ። ስትጠይቁት መልሱን ሳይሆን ፍንጩን ጠይቁት፣ ወይም «ይህን ኮዴን የሚያበላሽ ግብዓት ስጠኝ» በሉት፣ ይሄ በጣም ጥሩ አጠቃቀም ነው። ኮድ ከሰጣችሁም አንብባችሁ ዝጉትና ከባዶ ጻፉት። አንድ መስመር እንኳ ማስረዳት ካቃታችሁ እሱን የቤት ሥራ ብላችሁ አታስረክቡ።

ሒሳብን የምትፈሩ ልጆች፣ ለመግቢያው ካልኩለስ አያስፈልጋችሁም። የሚያስፈልጋችሁ «እና»፣ «ወይም»፣ «አይደለም» የሚሉትን በትክክል መለየት፣ ፈንክሽን ምን እንደሆነ ማወቅ፣ ሲካፈል የሚተርፈውን ማስላት ነው። ግን ሒሳቡን አትተዉት፤ ወደፊት ከፍ ባለው ትምህርት ላይ ይፈልጋችኋል።

እርዳታ ስትጠይቁ «አልሠራልኝም» አትበሉ። ምን እንዲሆን እንደፈለጋችሁ፣ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሞከራችሁ ተናገሩ። መምህራችሁ 40 ልጅ ሊኖረው ይችላል፣ እንዲህ ተብሎ የተጠየቀ ጥያቄ ግን ቶሎ መልስ ያገኛል።

ገና ያልወሰናችሁ ካላችሁ ሌላ ሰው ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። ኮምፒውተሩ ከ1 እስከ 100 አንድ ቁጥር በልቡ ይያዝ፣ እናንተ ገምቱ፣ እሱ «ከፍ አድርግ» ወይም «ዝቅ አድርግ» ይበላችሁ። ፓይተን በነፃ ይገኛል፣ ፕሮግራሙም ከ15 መስመር ብዙም አያልፍም። ከጻፋችሁት በኋላ ሁሌም በ7 ግምት ውስጥ ማግኘት የሚቻልበትን መንገድ ፈልጉ። ከዚያ 100ውን ወደ 1,000,000 ቀይሩት። አሁን 20 ግምት ይበቃል። ቁጥሩ በ10,000 እጥፍ አድጎ ግምቱ በ13 ብቻ ለምን እንደጨመረ ወረቀት ላይ ለማስረዳት ሞክሩ፤ ይህን ስትፈልጉ ምሽቱ ሳይታወቃችሁ ካለፈ ተመዝገቡ።