ውድ ጠመንጃ ለዒላማ ተኩስ ያዋጣል? ጥያቄና መልስ

ይህ ጥያቄና መልስ አሜሪካ ውስጥ ለመዝናናት ወረቀትና ብረት ዒላማ ላይ ለሚተኩሱ ወገኖች ነው። የተጠቀሱት ዋጋዎች የሱቅ ግምት ናቸው። ርቀቱ በያርድ ነው፤ 100 ያርድ 91 ሜትር ገደማ ይሆናል።

ጥያቄ፦ በ500 ዶላር ጠመንጃ እየተገኘ ለምን 5,000 ይከፈላል? ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ ይታያል?

መልስ፦ ለአንዳንዱ ተኳሽ ይታያል፣ ለብዙው አይታይም። ምክንያቱ ሒሳብ ነው።

የጥይቶች መራራቅ የሚለካው ኤምኦኤ በሚባል የማዕዘን መለኪያ ነው፤ 1 ኤምኦኤ በ100 ያርድ ላይ 1.05 ኢንች ወይም 2.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዛሬ እንደ ሩገር አሜሪካን ወይም ሳቬጅ አክሲስ ያለ ርካሽ ጠመንጃ የሚስማማውን ጥይት ካገኘ ከ1 እስከ 1.5 ኤምኦኤ ይሰጣል። ውዱ ግማሽ ኤምኦኤ ይሰጣል እንበል።

የተኳሹና የጠመንጃው ስሕተት እንዲሁ አይደመሩም። እያንዳንዳቸው በራሳቸው ተባዝተው ይደመሩና የድምሩ ስኩዌር ሩት ይወሰዳል። አንተ ራስህ 2 ኤምኦኤ የምትስት ከሆነ፣ 1 ኤምኦኤ በሚሰጥ ጠመንጃ ውጤትህ 2.24 ነው። ግማሽ ኤምኦኤ በሚሰጠው ደግሞ 2.06። ለዚያ ሁሉ ገንዘብ በ100 ያርድ ያገኘኸው ግማሽ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስሕተትህን ወደ 0.4 ያወረድክ ተኳሽ ከሆንክ ግን ያው ለውጥ ከ1.08 ወደ 0.64 ያወርድሃል፤ ያኔ ወረቀቱ ላይ በዓይን ይታያል። ስለዚህ ዋጋውን ከመጠየቅህ በፊት ራስህ ስንት እንደምትስት ማወቅ አለብህ።

ጥያቄ፦ ታዲያ የሚስተው እኔ ልሁን ጠመንጃው በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ በ10 ጥይት። ሦስት ጥይት ተኩሶ፣ በሳንቲም የሚሸፈን ቀዳዳ ፎቶ አንሥቶ "ጠመንጃዬ ግማሽ ኤምኦኤ ነው" ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። በዚያው ጠመንጃና በዚያው ጥይት የተተኮሰ የ10 ጥይት ግሩፕ (የቀዳዳዎቹ ስብስብ) በአማካይ ከ3 ጥይቱ 1.6 ጊዜ ያህል ይሰፋል። በሦስት ጥይት 0.6 ያሳየው ጠመንጃ በ10 ጥይት 0.95 ገደማ ቢሆን ምንም አልተበላሸም፤ እውነተኛ መልኩ ያ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ሁን። የጠመንጃውን ፊት በአሸዋ ከረጢት አስደግፍ፣ ከሰደፉ ሥር ትንሽ ከረጢት አስገባ፤ ከፍታውን የምታስተካክለው ያችን የኋላ ከረጢት በግራ እጅህ በመጭመቅ ነው። የማነጣጠሪያ መነጽሩን ፓራላክስ ለርቀቱ አስተካክል፦ ጠመንጃውን ሳትነካ ጭንቅላትህን ስታንቀሳቅስ የመነጽሩ መስቀል ዒላማው ላይ መንሸራተት የለበትም። ነፋስ በሌለበት ጧት፣ በየጥይቱ መካከል ግማሽ ደቂቃ ያህል እየጠበቅህ 10 ተኩስ። አፈሙዙ በእጅ የማይነካ እስኪሆን ከጋለ አቁመህ አቀዝቅዘው።

ከዚያ ያንኑ ጠመንጃ ያለ ጥርጥር ካንተ ለሚሻል ሰው ሰጥተህ ሌላ 10 አስተኩስ። የሱ 1.1፣ ያንተ 2.3 ከሆነ አዲስ ጠመንጃ አትግዛ።

ጥያቄ፦ በጠቅላላው 2,000 ዶላር አለኝ። እንዴት ልከፋፍለው?

መልስ፦ ሁሉንም ጠመንጃው ላይ አታውለው። 6.5 ክሪድሞር የሚባለውን የጥይት ዓይነት ለሚተኩስ አንድ አከፋፈል ይኸውና፦ እንደ ፊንላንዱ ቲካ ቲ3ኤክስ ላለ ጠመንጃ 800፣ ለመነጽር 450፣ ለመነጽሩ መቀመጫና ቀለበት 90፣ ለከረጢቶች 60፣ ብሎን በልክ ለሚያጠብቅ ቶርክ መፍቻ 60። ይህ 1,460 ነው። በቀረው 540፣ አንዱ 1.80 ቢሆን 300 የውድድር ጥይት ይገዛል። ቲካው ቃታው በቀላሉ ከ2 እስከ 4 ፓውንድ ድረስ ስለሚስተካከል ሌላ ቃታ መግዛት አያስፈልግህም።

ሰው የሚሳሳተው ጥይቱን ሲረሳ ነው። የ6.5 ክሪድሞር አፈሙዝ ከ2,000 እስከ 3,000 ጥይት ድረስ ጥሩ ይሠራል። 2,500 ጥይት በ1.80 ስታባዛው 4,500 ዶላር ነው። አንድ አፈሙዝ እስኪያልቅ የምታወጣው የጥይት ዋጋ ከጠመንጃው ዋጋ አምስት እጥፍ ይበልጣል። .308 በሚባለው ሌላ የጥይት ዓይነት አፈሙዙ ከ5,000 በላይ ይቆያል፤ ጥይቱ ግን ትከሻን ይበልጥ ይመታል፣ ለጀማሪ ደግሞ ምቱን ፈርቶ ቃታ መንጠቅ ዋናው ጠላት ነው።

ጥያቄ፦ ሰሜን ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። በአቅራቢያችን ያሉት አብዛኞቹ የተኩስ ሜዳዎች የቤት ውስጥ ናቸው። ለ25 እና ለ50 ያርድ ውድ ጠመንጃ ምን ያደርግልኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ለዚያ ርቀት .22 የሚባለውን ትንሽ ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ ግዢ። ፌርፋክስ ያለው የኤንአርኤ (የአሜሪካ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር) የቤት ውስጥ ሜዳ እንኳ የመጨረሻው ርቀቱ 50 ያርድ ነው። በዚያ ርቀት 6.5 ክሪድሞር መተኮስ ገንዘብ ማቃጠል ነው፣ ብዙም አያስተምርሽም።

የቼኩ ሲዜድ 457 ወይም ቲካ ቲ1ኤክስ 550 ዶላር አካባቢ ነው። መነጽርና ሌላውን ጨምረሽ 1,000 ዶላር ብታወጪ፣ ከላይ ካልነው 2,000 በቀረው 1,000 ዶላር አንዱ 20 ሳንቲም የሆነ ጥሩ ጥይት 5,000 ይገዛል። አምስት ሺህ ጊዜ ቃታ በትክክል የሳበ ሰው በ5,000 ዶላር ጠመንጃ 200 ጊዜ የተኮሰውን ይበልጠዋል። የ.22 አፈሙዝ ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጥይት ይችላል።

.22 ስሕተትን አይደብቅም። በ100 ያርድ ከጎን 10 ማይል በሰዓት የሚነፍስ ነፋስ የ.22 አረርን 4 ኢንች ያህል ይገፋዋል፤ የ6.5 ክሪድሞርን ግን ከ1 ኢንች በታች። ነፋስ ማንበብ የሚለመደው በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ለ.22 የትኛው ጥይት ይሻላል?

መልስ፦ ጠመንጃሽ የሚመርጠው። ሁለት ተመሳሳይ ሲዜድ 457 እንኳ የተለያየ ጥይት ይመርጣሉ። ሲሲአይ ስታንዳርድ፣ ኤስኬ ስታንዳርድ ፕላስ፣ ኤሌይ፣ ላፑዋ ሴንተር-ኤክስ፣ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ካርቶን ገዝተሽ በ50 ያርድ ከየዓይነቱ ሁለት የ10 ጥይት ግሩፕ ተኩሺ። ጥይት በቀየርሽ ቁጥር መጀመሪያ ከ10 እስከ 15 ጥይት ዝም ብለሽ ተኩሺ፤ የፊተኛው ጥይት ሰም አፈሙዙ ውስጥ ስላለ አዲሱ ቶሎ አይረጋም። ያሸነፈውን ካገኘሽ ካርቶኑ ላይ ያለውን የሎት ቁጥር (አብሮ የተመረተውን ጥይት የሚለየውን) አይተሽ ከዚያው ሎት የቻልሽውን ያህል ግዢ። ይህ ሥራ ከ200 ዶላር በታች ነው። ብዙ ጊዜም ከአዲስ አፈሙዝ የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

በቅናሽ የሚሸጠው የጅምላ ጥይት ፍጥነቱ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዋዥቃል። በሰከንድ የ40 ጫማ ልዩነት በ100 ያርድ ወደ 1 ኢንች የሚጠጋ የከፍታ ልዩነት ያመጣል።

ጥያቄ፦ ጠመንጃዬ እስካለፈው ወር 1 ኤምኦኤ ነበር፤ አሁን 3 ሆነ። ልሽጠው?

መልስ፦ ቆይ፣ አትሽጥ። መጀመሪያ ወረቀቱን አንብበው።

ጥይቶቹ ሁለት ቦታ ተከፍለው ከተሰበሰቡ የላላ ነገር አለ፤ የመነጽር ቀለበት፣ መቀመጫው፣ ወይም ጠመንጃውን ከሰደፉ ጋር የሚይዘው ብሎን። አፈሙዙ እየሞቀ ሲሄድ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሸሹ አፈሙዙ የሆነ ቦታ ሰደፉን እየነካ ነው። ከላይ ወደታች ከተሰለፉ የጥይት ፍጥነት፣ አተነፋፈስህ ወይም ፊት ለፊት ያለው ድጋፍ ነው። ወደ ጎን ከሆነ ነፋስ ወይም ቃታ።

ፍተሻውን ገንዘብ ከማያስወጣው ጀምር። የጥይት ካርታውን አውጣ፣ የጥይት መጉረሻውን በዓይንም በጣትም ባዶ መሆኑን አረጋግጥ። አንድ ወረቀት በአፈሙዙና በሰደፉ መካከል አስገብተህ እስከ ጠመንጃው አካል ሳብ፤ ከያዘ ችግሩን አገኘህ፣ ሰደፉን በአሸዋ ወረቀት ማስፋት ነው። ከዚያ ብሎኖቹን በቶርክ መፍቻ፦ የቀለበቶቹ ከ15 እስከ 18 ኢንች ፓውንድ፣ የመቀመጫው 20 አካባቢ። የሰደፉ ብሎን እንደ ሥሪቱ ይለያያል፤ ፕላስቲክ ከሆነ ከ35 እስከ 45፣ የአሉሚኒየም ከሆነ እስከ 65፤ የአምራቹን መመሪያ ተከተል። በስሜት ማጥበቅ የመነጽሩን ቱቦ ይጨፈልቃል።

ካልተፈታ ሌላ ደኅና መነጽር አውሰህ ጫንበት። መነጽር ሲሞት ከውጭ ምንም አይታይም፤ ሰውም ጠመንጃውን ይወቅሳል። ቀጥሎ መዳብ ማሟሟቻ ተጠቅመህ አፈሙዙን እጠብ፤ ጨርቁ ሰማያዊ ሆኖ የሚወጣ ከሆነ መዳብ ተጣብቋል ማለት ነው። በመጨረሻ የአፈሙዙን ጫፍ በመብራት ተመልከት። አረሩ የሚለየው እዚያ ነው፤ ትንሽ ጉድጓድ ወይም ጭረት ቢኖር ጋዙ በአንድ ጎን ቀድሞ ወጥቶ አረሩን ያዘነብለዋል። ይህን የጠመንጃ ባለሙያ በርካሽ ያድሰዋል።

ጥያቄ፦ እኔ በዕድሜ ገፋ ያልኩ ሰው ነኝ። ከኢትዮጵያ መጋዘን ወጥቶ እዚህ የሚሸጥ ቤልጅግ አየሁ። ልጅነቴን አስታወሰኝ። ለዒላማ ይሆናል?

መልስ፦ ጋሼ፣ እውነት ነው፤ ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች ባለፉት ዓመታት አሜሪካ ገብተው ተሽጠዋል። ለቅርስነት ከሆነ ደስ ብሎዎት ይግዙ። ለጠባብ ግሩፕ ግን አይግዙት። አብዛኞቹ በዘመኑ ዝገት አምጪ ካፕሱል (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው) ባለው ጥይት ተተኩሰው ሳይታጠቡ የቆዩ ናቸው፤ የአፈሙዙ ውስጥ ጥምዝ ተበልቷል። ደኅና የተያዘ እንኳ በብረት ማነጣጠሪያው 3 ወይም 4 ኤምኦኤ ቢሰጥዎት መልካም ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ከመተኮስዎ በፊት ባለሙያ በመለኪያ የጥይት መጉረሻውን ልክ ያረጋግጥልዎ። ልኩ ከሰፋ ቀለሁ ተቀዶ የጋለ ጋዝ ወደ ፊትዎ ሊመጣ ይችላል። በእንጨቱ ላይም ስንጥቅ መኖር የለበትም። የድሮ ጥይት ከተኮሱበት ያንኑ ቀን አፈሙዙን በፈላ ውኃ ያጥቡ፣ ያድርቁ፣ ዘይት ይቀቡ፤ የካፕሱሉን ጨው የሚያሟሟው ውኃ ነው፣ ዘይት ብቻውን አይሠራም።

ጥያቄ፦ በተማሪ ቪዛ ነው ያለሁት። ተከራይቼ ብተኩስስ?

መልስ፦ አይሆንም። በፌዴራል ሕግ የተማሪ፣ የጎብኚ ወይም የጊዜያዊ ሠራተኛ ቪዛ የያዘ ሰው ጠመንጃም ጥይትም መያዝ ክልክል ነው፤ ሜዳ ላይ መከራየትም እንደ መያዝ ይቆጠራል። ሕጉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉት፣ የታወቀው የጸና የአደን ፈቃድ መኖር ነው፤ በዚያ ከመተማመንህ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቅ፣ ስሕተቱ ከአገር ያስወጣል። ግሪን ካርድ ያለው ግን ሌላ እገዳ ከሌለበት መግዛት ይችላል።

ላንተ የሚሻለው የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ነው። በፌዴራል ሕግ የአየር ጠመንጃ እንደ ጦር መሣሪያ አይቆጠርም፤ እንደ ኒው ጀርዚ ያሉ ግዛቶች ግን ስለሚቆጥሩት የምትኖርበትን ግዛት ሕግ ተመልከት። እንደ ሁለተኛ ደረጃ ነገርም አትየው፦ በኦሊምፒክ ዒላማው የ10 ነጥብ ምልክት ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ውዱ መቼ ያዋጣል ታዲያ?

መልስ፦ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ከ100 እስከ 200 ጥይት በሚተኮስበት ውድድር ላይ የምትሳተፍ ከሆነ፣ እስከ 600 እና 1,000 ያርድ የምትወጣ ከሆነ፣ የራስህ ስሕተት በ10 ጥይት ከ1 ኤምኦኤ በታች ከሆነ ያዋጣል። ያኔ የምትከፍለው ለግሩፕ ብቻ አይደለም። አፈሙዙ ሲሞቅ ነጥቡ አይሸሽም፣ አቧራ ገብቶበትም ይጎርሳል፣ ሰደፉ በጉንጭህና በትከሻህ ልክ ይስተካከላል፣ አፈሙዝ በራስህ መፍቻ ትቀይራለህ። ታዋቂውን ጠመንጃ አምራች አኩሬሲ ኢንተርናሽናልን በ1978 ከመሠረቱት አንዱ ማልኮም ኩፐር በ1984 እና በ1988 ኦሊምፒክ በጠመንጃ ወርቅ ያገኘ የዒላማ ተኳሽ ነበር፤ የዚያ ቤት ጠመንጃዎች ሰደፍ ለሰው አካል እንዲመች የታሰበበት ያለ ምክንያት አይደለም።

በመካከል ያለውም አይናቅ። የስፔኑ ቤርጋራ ቢ-14 ኤችኤምአር በ1,100 ዶላር አካባቢ ከባድ አፈሙዝና የሚስተካከል ሰደፍ አለው፤ ለመዝናናት ለሚተኩስ ሰው ከዚያ በላይ የሚከፈለው ገንዘብ በጣም ትንሽ ነገር ነው የሚገዛው።

ጥያቄ፦ እኔ ዘግይቻለሁ፤ 4,500 ዶላር አውጥቼ ገዝቻለሁ፣ አሁንም 2 ኤምኦኤ ነኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጠመንጃውን አትሽጠው፤ ስትሽጠው ብዙ ትከስራለህ። በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን 15 ደቂቃ ባዶ ቃታ መሳብን ልመድ። ጥይቱን ሁሉ ሌላ ክፍል ቆልፍበት። መጉረሻውን ሁለት ጊዜ ተመልከት፣ አፈሙዙ ጥይት ወደሚያቆም ግድግዳ ይዙር። ግድግዳው ላይ ትንሽ ነጥብ አድርግ፣ አፈሙዙ ላይ ሳንቲም አስቀምጥ፣ ቃታውን በጣትህ የፊት ጫፍ ሥጋ ወደ ኋላ ቀጥ አድርገህ ሳብ። ቃታው ሲለቅ ሳንቲሙ መውደቅ የለበትም፣ መስቀሉም ከነጥቡ መሸሽ የለበትም። ከተለቀቀ በኋላ አንድ ሰከንድ ያህል ጣትህን እዚያው አቆየው። .22 ከሆነ ግን የአምራቹ መመሪያ ሳይፈቅድ ባዶውን አትሳብ፤ መርፌው የመጉረሻውን ጠርዝ ሊጎዳ ይችላል፣ ባሩድ የሌለው የመለማመጃ ጥይት አስገባ።

ሜዳ ስትሄድ ጓደኛህ ሳታይ አንዳንዴ እውነተኛ፣ አንዳንዴ የመለማመጃ ጥይት ያጉርስልህ። ባዶው ላይ አፈሙዙ ወደ ታች ከዘለለ ምቱን እየፈራህ ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ የ10 ጥይቱን ፈተና ደግመህ ልኬቱን ከመጀመሪያው ወረቀት ጎን ጻፍ።