«ካምቢዮው ይውረድ» ሲሉህ

አንድ የአዳማ አንባቢ እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ የ1998 ሞዴል ኮሮላ አለችኝ። 1.6 ሞተር፣ ማኑዋል ናት። ግቢ ስታድር ዘይት ታንጠባጥባለች። ጠዋት መዳፍ የሚያህል ጥቁር ነገር ከሥሯ አገኛለሁ። ጋራዥ ሳሳያት ‹ኦይል ሲሎቹ በሙሉ አልቀዋል፣ ካምቢዮው ይውረድ› አሉኝ። የእጅ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። መፍቻ አለኝ፣ የፍሬን ሸራም ራሴ ነኝ የምቀይረው። ይሄንን እቤቴ ራሴ ልሠራው እችላለሁ?»

ወንድሜ፣ አንዳንዱን ትችላለህ፣ አንዳንዱን ግን ተወው። መጀመሪያ ግን ዘይቱ ከየት እንደሚመጣ እንወቅ። «በሙሉ አልቀዋል» ብሎ ምርመራ የለም። ኦይል ሲል ማለት ዘንግ በሚያልፍበት ቦታ ዘይት እንዳያመልጥ የሚይዝ ቀለበት ነው፤ ዘንጉን የሚነካው የጎማ ጠርዙ «ከንፈር» ይባላል። ያንተ መኪና ላይ ዋና ዋናዎቹ ኦይል ሲሎች ስድስት ናቸው። በቺንጋው በኩል የክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) የፊት ሲልና ከሱ በላይ የካም ሻፍቱ (ቫልቮችን የሚከፍተው ዘንግ) ሲል አሉ። በቮላኖው በኩል፣ ማለትም ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር በሚጋጠምበት፣ የክራንክ ሻፍቱ የኋላ ሲል አለ። ካምቢዮው ላይ ደግሞ የኢንፑት ሻፍቱ (ከሞተሩ ኃይል የሚቀበለው ዘንግ) እና ጎማዎቹን የሚያዞሩት ሁለቱ አክስሎች የሚገቡበት አሉ። ስድስቱም ተማክረው በአንድ ቀን አይሞቱም።

ስለዚህ መፍቻ ከማንሳትህ በፊት እጠባት። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ከላይም ከሥርም በናፍጣና በብሩሽ ፈትገህ፣ ጥረግና በደንብ አድርቃት። በቤንዚን እንዳታጥብ፣ እሳት ነው። ከዚያ የጠረጠርካቸውን ቦታዎች የሕፃን ፓውደር ነስንስባቸው። ወደ ወንጂ መንገድ ሃያ ደቂቃ ያህል ነድተህ ተመለስና በባትሪ መብራት እያት። ዘይቱ ያለፈበት ሁሉ ፓውደሩ ላይ መስመር ይሠራል። መስመሩን ተከትለህ ወደ ላይ ውጣ። ዘይት ወደ ታች ይፈሳል፣ ንፋስ ደግሞ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ የሚንጠባጠብበት ቦታና የሚወጣበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ከሁሉም በላይ የረጠበው ቦታ ነው ምንጩ።

በዚህ ሞዴል ላይ አንድ ቦታ በተለይ እይልኝ። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር የተሰካው በካምቢዮው በኩል ባለው የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጫፍ ላይ ነው። ሥሩ ላይ አንድ የጎማ ቀለበት አለች። እሷ ስትደርቅ ዘይቱ ቀጥታ ካምቢዮውና ሞተሩ የሚጋጠሙበት ላይ ይወርዳል። ከሥር ተኝቶ ላየው ሰው የኋላው ሲል ያለቀ ይመስላል። በዚህች ቀለበት ምክንያት ያለ ጥፋቱ የወረደ ካምቢዮ ብዙ ነው። የቴስታታው ክዳን ጓርኒሲዮንና የዘይት ግፊት መብራት ሴንሰሩም እንዲሁ ያሳስታሉ።

ጠብታውን በጣትህ ነክተህ አሽትተው። የካምቢዮ ዘይት ድኝ ድኝ ይላል፣ ሽታው አፍንጫ ይይዛል። የሞተር ዘይት እንዲያ አይሸትም፣ ሲቆይ ግን ይጠቁራል። ጥቁር ነው ስላልክ እኔ የሞተር ዘይት ነው የጠረጠርኩት። ያረጀ የካምቢዮ ዘይትም ስለሚጠቁር ግን ሳታሸት አትፍረድ።

ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር የሞተሩ መተንፈሻ ነው። የቴስታታው ክዳን ላይ የተሰካችውን ፒሲቪ ቫልቭ ንቀልና አወዛውዛት። ቀጭ ቀጭ ማለት አለባት። ቫልቯን ከቱቦዋ ጋር እንደተያያዘች ትተህ ሞተሩን አስነሳና ጫፏን በጣትህ ድፈን፣ መሳብ አለባት። ከተደፈነች ሞተሩ ውስጥ ያለው ግፊት መውጫ ያጣና ዘይቱን በሲሎቹ ከንፈር በኩል ይገፋዋል። ያኔ አዲስ ሲል ብትከትበትም ብዙ ሳይቆይ ያፈሳል። የዘይት መለኪያውንም እይ፣ ከላይኛው ምልክት ያለፈ ዘይት እንዲሁ ችግር ነው።

እንግዲህ ከአክስል ሲል ነው የሚያፈሰው እንበል። ይሄ ቤት የሚሠራ ሥራ ነው። ሜዳ ቦታ ላይ አቁማት፣ የኋላ ጎማዎቹን ታኮ አድርግ። ክሪክ ለማንሻ ብቻ ነው፣ ከሥሯ ከመግባትህ በፊት የብረት መቆሚያ ላይ አሳርፋት። ብሎኬት ላይ የቆመች መኪና ሥር የሚገባ ሰው ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ ያቅተኛል። ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈርሰው።

የጎማው መሐል ያለውን ትልቁን ዳዶ መኪናዋ በጎማዋ መሬት ላይ ሳለች አላላው። ቀጥሎ የካምቢዮውን ዘይት ከማፍሰስህ በፊት መሙያ ቡሎኑ መከፈቱን አረጋግጥ። ዘይቱን ካፈሰስክ በኋላ መሙያው እምቢ ካለ መኪናዋ ግቢህ ውስጥ ቀረች ማለት ነው። ከዚያ የታችኛውን ብራቾ ከቦል ጆይንቱ ለያይና የጎማ መያዣውን ወደ ውጭ ገፍተህ አክስሉን ከመሐሉ አውጣ። የካምቢዮውን በኩል ስታወጣ ዘንጉን ይዘህ አትጎትት፣ የውስጠኛው መጋጠሚያ ይበታተንብሃል። በካምቢዮውና በመጋጠሚያው መሐል ፌሮ አስገብተህ አንዴ ነቅነቅ አድርገው፣ ይወጣል። ሁለቱንም አክስል በአንድ ጊዜ ግን አታውጣ። አንዱን ጨርሰህ መልሰህ ነው ወደ ሌላው የምትሄደው።

አሮጌውን ሲል ከማውጣትህ በፊት ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደገባ ለካ። ከዚያ ጫፉ በታጠፈ ካቻቢቴ ፈንቅለው፣ የተቀመጠበትን ግድግዳ ግን እንዳትቧጭር። ሲሉ ፊት ላይ ሦስት ቁጥር ታገኛለህ። ለምሳሌ «35 55 9» ከሆነ፣ የዘንጉ ውፍረት 35፣ የመቀመጫው ስፋት 55፣ የሲሉ ውፍረት 9 ሚሊ ሜትር ነው። አዳማ ካጣኸው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሰው ስትልክ ቁጥሩን ብቻ አትንገረው፣ አሮጌውን ይዞ ይሂድ። ግራና ቀኙ ሊለያይ ይችላል። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ዘንጉ የሚዞርበትን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አለ።

አሁን ዘንጉን ተመልከት። ሲሉ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጥፍርህን አስኪድ። ጥፍርህ ከያዘ ዘንጉ ተቦርቡሯል። የአዳማ አቧራ ከሲሉ ከንፈር ጋር ሆኖ ብረቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ያኔ መቀመጫው ከፈቀደ አዲሱን ሲል ከድሮው ቦታ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል አለፍ ወይም መለስ አድርገህ አስቀምጠው፣ ንጹሕ ብረት ላይ እንዲያርፍ። አክስሉ መልሶ ሲገባ ከመጠን በላይ ከተጫወተ ግን ኩሽኔታው ነው የሄደው፣ ሲል ብቻ መቀየር አይፈታውም።

ስትገጥመው ቀጭኗ ስፕሪንግ ያለችበት ፊት ወደ ዘይቱ ይዞራል። ከንፈሩን የካምቢዮ ዘይት ቀባው። ስፕሪንጓ እንዳትዘል ጓዳዋ ውስጥ ትንሽ ግራሶ አድርግ። ከንፈሩ ላይ ሲሊኮን አይደረግም። ከዚያ የሲሉን የውጭ ጠርዝ የሚያክል ቧንቧ ወይም ትልቅ ሶኬት ደግፈህበት በመዶሻ ቀስ እያልክ ምታ። ዙሪያውን እኩል መግባቱን በየመሐሉ እይ። አንዱ ጎን ቀድሞ ከገባ አውጣና እንደገና ጀምር። የተጣመመ ሲል ብትገፋው አይቃናም። አክስሉን ስትመልስ ጥርሶቹ ከንፈሩን እንዳይቀዱት በሁለት እጅ ቀጥ አድርገህ አስገባ። ዘይቱ ወደ 2 ሊትር ይጠጋል፣ መኪናዋ ሜዳ ላይ ሳለች እስከ መሙያው ቀዳዳ አፍ ሙላው። የዘይቱን ዓይነት ከመኪናዋ መመሪያ ውሰድ። ጂኤል-4 ካለ ጂኤል-5 አታድርግ፣ የካምቢዮውን የነሐስ ቀለበቶች ሊጎዳ ይችላል።

የፊቱ የክራንክና የካም ሲል ቤት ይሠራል፣ ግን የታይሚንግ ቺንጋ መፍታት አለበት። ምልክቶቹን በቀለም ሳታስምር አትፍታ። የፑሊውን ቡሎን ለመፍታት አምስተኛ ማርሽ አስገብተህ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥልህ። በሞተሪኖ እየመቱ የሚፈቱትን አትስማ። ቺንጋው አንዴ ከወጣ ሁለቱንም ሲል ቀይር፣ የውሃ ፖምፓውንም እየው። ዘይት የጠጣ ቺንጋ ደግሞ ተጠርጎ አይመለስም፣ ይጣላል።

ተወው የምልህ የኋላውን የክራንክ ሲል ነው። ካምቢዮ ከባድ ነው፣ መሬት ላይ ተኝቶ በደረት የሚወርድ ነገር አይደለም። ፓውደሩ በእርግጥ ከዚያ መሆኑን ካሳየህና ፍሪሲዮኑ ካልተንሸራተተ፣ ለጥቂት ጠብታ ብለህ አትቸኩል። ዘይቱን በየሳምንቱ እየለካህ ፍሪሲዮን እስክትቀይር ጠብቅ። ማፍሰስ ያቆማል ተብሎ የሚሸጠውን ዘይት ውስጥ የሚጨመር መድኃኒት እኔ አልወደውም፤ ጎማውን ያሳብጠዋል እንጂ የተበላ ከንፈር አይመልስም።

ካምቢዮው የሚወርድበት ቀን ሲመጣ የእጅ ዋጋው አንድ ነውና የኋላውን ሲል፣ የኢንፑት ሻፍቱን ሲልና የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታ በአንድ ላይ አስቀይር። ዕቃዎቹን ራስህ ገዝተህ ውሰድ፣ አሮጌዎቹንም መልሰው እንዲሰጡህ አስቀድመህ ተነጋገር።