ብረት ባትሪ ለብዙ ቀን መብራት፦ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ እንደምን ዋላችሁ። ባለፈው ስለ ብረት-አየር ባትሪ አንስቼ ጥያቄው በዛ፣ ስለዚህ ዛሬ እስኪመሽ እመልሳለሁ። የኔ ሙያ የባትሪ ኬሚስትሪ ነው፤ የኢንቨርተር ብራንድ አታማርጡኝ። ስትጠይቁ ስንት ኪሎዋት፣ ለስንት ሰዓት እንደምትፈልጉ ጻፉ። ያለ እሱ የማንም ባትሪ ጥያቄ አይመለስም።

ከባሕር ዳር፦ ጋሼ፣ ብረት እንዴት አድርጎ ነው መብራት የሚያጠራቅመው? ከሥሩ ያስረዱን።

መላሽ፦ ጥሩ ጥያቄ። ብረት ሲዝግ ኤሌክትሮን ይለቃል። ባትሪው ኃይል ሲሰጥ ብረቱ ከአየር በሚገባ ኦክስጅን ይዝጋል። ቻርጅ ሲደረግ ዝገቱ ተመልሶ ብረት ይሆናል፣ ኦክስጅኑም ይወጣል። መሃል ያለው ፈሳሽ ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ የሟሟበት ውሃ ነው። 1 ኪሎ ብረት በመጀመሪያው የዝገት ደረጃ ብቻ በስሌት 960 አምፒር ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ብረቱ ርካሽ ነው፣ አየሩ በነፃ ነው። ሰው የጓጓው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣ። ዝገቱን ወደ ብረት የሚመልሰው ቮልቴጅና ከውሃው ሃይድሮጅን የሚያወጣው ቮልቴጅ በጣም ይቀራረባሉ። ልዩነታቸው 0.05 ቮልት ገደማ ነው፤ ያውም ሃይድሮጅኑ ይቀድማል። ስለዚህ ቻርጅ ስታደርጉ ከፊሉ ኃይል ብረት መሥራቱን ትቶ ጋዝ ይሆናል። ተመራማሪዎች እንደ ቢስሙዝ ሰልፋይድ ያለ ነገር በትንሹ ብረቱ ላይ ጨምረው ጋዙን በጣም መቀነስ ችለዋል። በአየር በኩል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፈሳሹን ወደ ካርቦኔት ይቀይረዋል። ስለዚህ የሚገባው አየር መጣራት አለበት። ይህ ሁሉ ተደማምሮ ካስገባችሁት 10 እጅ የምታገኙት ከ4 እስከ 5 እጅ ነው። ሊቲየም ከ8 እጅ በላይ ይመልሳል።

ከፍኖተ ሰላም፦ ዋጋው ስንት ነው?

መላሽ፦ ለስንት ሰዓት?

ከቡሬ፦ የኔ የሶላር ባትሪ ላይ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ይላል። ይሄው ነው አይደል የብረት ባትሪ?

መላሽ፦ አይደለም። ውስጡ ብረት አለ፣ ኃይሉን የሚያመላልሰው ግን ሊቲየም ነው። ለቤት ጥሩ ባትሪ ነው፣ ያዘው።

ከደብረ ማርቆስ፦ ባትሪው አየር የሚተነፍስ ከሆነ፣ እኛ ከፍታ ላይ ነን። አየሩ ስስ ነው። ይጎዳዋል?

መላሽ፦ ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሰው ይመስገን! ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚያ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ኦክስጅኑም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ቮልቴጁ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ኢምንት ነው። ጉዳቱ ከፍተኛው ፍሰት ላይ ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ አምፒር ስትጠይቁት ኦክስጅኑ ቶሎ አይደርስለትም። ይህ ባትሪ ደግሞ ከመጀመሪያውም ቀስ ብሎ እንዲሰጥ የተሠራ ስለሆነ ችግሩ ይቻላል። ግን ለጮቄ አካባቢ ባትሪ የሚያዝ ሰው አምራቹን ስለ ከፍታ ሳይጠይቅ እንዳይፈርም።

ከሞጣ፦ ወፍጮ ቤት አለኝ። በዚህ ባትሪ ማስኬድ እችላለሁ?

መላሽ፦ የወፍጮ ሞተር ሲነሳ ብዙ እጥፍ አምፒር ይጎትታል። ብረት-አየር ይህን አይወድም። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት፣ ካምብሪጅ ከተማ ላይ የታቀደውን የብረት-አየር ባትሪ እዩ፦ 1.5 ሜጋዋት ለ100 ሰዓት፣ ማለትም 150 ሜጋዋት ሰዓት። ጎተራው ሰፊ ነው፣ በሩ ግን ጠባብ። ለወፍጮ አይሆንም።

ከደጀን፦ እኔ የማይገባኝ ሌላ ነው። አባይ ላይ 5,150 ሜጋዋት ተመርቆ ባትሪ ምን ያደርግልናል? ገንዘብ ማባከን ነው።

ከዳንግላ፦ ግድቡ ተመረቀ ብሎ የኛ መብራት መጥፋቱን ተወ እንዴ? ትናንትም ጠፍቷል።

ከደጀን፦ እሱ የመስመርና የትራንስፎርመር ጉዳይ ነው ወንድሜ፣ የኃይል እጥረት አይደለም።

ከዳንግላ፦ ጨለማ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ምን ልዩነት አለው?

ከቢቸና፦ ምሰሶው ነው ችግሩ። እንጨቱ በስብሶ በነፋስ ይወድቃል።

ከደጀን፦ የኛ ሰፈር በኮንክሪት ተቀይሯል፣ ያም ሆኖ ይጠፋል።

መላሽ፦ ምሰሶውን ለሌላ ቀን አቆዩት። የደጀኑ ወንድማችን ያነሳው ግን ትልቅ ነገር ነው። የግድብ ውሃ ራሱ ማጠራቀሚያ ነው። ቀን ፀሐይና ነፋስ ሲበረታ ተርባይኑን ቀንሰህ ውሃውን ለማታ ታቆያለህ። የአባይ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ውሃው ወራት መጠበቅ ይችላል። ጣና በለስም 460 ሜጋዋቱን የሚያገኘው ከጣና ውሃ ነው። ግድብ ያለው አገር ለዋናው ግሪድ (የመብራት መረብ) የ100 ሰዓት ባትሪ ለመግዛት መቸኮል የለበትም። ብረት-አየር በጣም የሚያስፈልገው ግድብ ለሌለው፣ በነፋስና በፀሐይ ለሚኖር ግሪድ ነው። ለኛ ቦታው ግሪድ ያልደረሰበት፣ በሶላር ብቻ የሚበራ ከተማ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ቀናት ሲቆይ የ4 ሰዓት ባትሪ ምንም አያደርግም።

ከእንጅባራ፦ ጋሼ፣ በምስማርና በጨው ውሃ ቤቴ ውስጥ ልሞክር አስቤ ነበር።

መላሽ፦ አትሞክር። ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ይወጣል፤ በተዘጋ ክፍል አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። የጨው ውሃ ላይ ክሎሪንም ሊወጣ ይችላል። በፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ልቀይር ብትል ደግሞ ዓይን ያጠፋል።

ከፍኖተ ሰላም፦ ዋጋውን እኮ አልመለሱልኝም።

መላሽ፦ አንተም ሰዓቱን አልጻፍክም! እሺ፣ ይኸው። ፎርም ኢነርጂ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2021 እንደ ፈረንጆች ያስታወቀው ግብ በኪሎዋት ሰዓት ከ20 ዶላር በታች ነው። ግብ ነው፣ የሱቅ ዋጋ አይደለም። እዚህ አገር ማንም በ20 ዶላር እሸጥልሃለሁ ካለህ ገንዘብህን ይዘህ ውጣ።

ከመራዊ፦ የብረት ፍሎው ባትሪ የሚሉትስ ያው ነው?

መላሽ፦ ሌላ ነው፣ እኔ ደግሞ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። በውሃ የሟሟ የብረት ክሎራይድ በሁለት ታንከር ይቀመጥና ፓምፕ ያዘዋውረዋል። ቻርጅ ሲደረግ በአንድ በኩል ብረት ኤሌክትሮዱ ላይ ይለበጣል። በሌላው በኩል ፈሳሹ ውስጥ ያለው ብረት ተጨማሪ ኤሌክትሮን ይለቃል። ቮልቴጁ 1.2 ገደማ ነው። እዚህም ጠላቱ ሃይድሮጅን ነው። ጋዙ ሲወጣ ፈሳሹ ውስጥ ያለው አሲድ ይቀንሳል፤ አሲዱ ሲቀንስ ዝገት የመሰለ ዝቃጭ ይፈጠርና መተላለፊያውን ይደፍናል። መፍትሔው ያምራል፦ የወጣውን ሃይድሮጅን ሰብስበው በሌላ ትንሽ ሴል ከፈሳሹ ብረት ጋር መልሰው ያዋህዱታል፣ አሲዱም ይመለሳል። ታንከር ማሳደግ ብቻውን ግን ሰዓት አይጨምርም። ብረቱ የሚለበጥበት ቦታ ይወስነዋል። ስለዚህ ለቀናት ሳይሆን ለሰዓታት ነው።

ከቢቸና፦ የኤዲሰን ባትሪ የሚባለውስ? ዘላለም ይኖራል ይላሉ።

መላሽ፦ ኒኬል-ብረት ነው፣ ከ1901 ጀምሮ ያለ። አሥርት ዓመታት ይቆያል። ግን ሳትጠቀምበትም ኃይሉ በራሱ ያልቃል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ሃይድሮጅን ያወጣል። ክፍሉ ከላይም ከታችም የአየር መውጫ ይኑረው። ሃይድሮጅን ወደ ላይ ስለሚሄድ መስኮት ብቻ አይበቃም።

ከባሕር ዳር፦ ለስልክ የሚሆን ይኖራል?

መላሽ፦ የለም። ከባድ ነው።

ከዳንግላ፦ እኔ ሰዓቱን መዝግቤያለሁ። 2 ኪሎዋት ነው የምፈልገው። መብራት ሲጠፋ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆየው ከ2 እስከ 4 ሰዓት ያህል ነው። ክረምት ላይ ግን ሁለት ቀን ሙሉ የጠፋበት ጊዜ አለ።

መላሽ፦ እንዲህ ጠይቁኝ! ለ4 ሰዓቱ 8 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ሊቲየም አይረን ፎስፌት 10 ኪሎዋት ሰዓት ግዛ፣ ይበቃሃል። ለሁለቱ ቀን 96 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልግሃል፤ ለዚያ ባትሪ አትግዛ። በዓመት ጥቂት ጊዜ ለሚመጣ ነገር ጄኔሬተር ይበቃል፤ ካለህ አትሽጠው። ጎረቤቶችህ ተባብረው ለሰፈሩ አንድ ትልቅ ማጠራቀሚያ እናቁም ካሉ ግን የሁሉንም ሰዓት እንዲህ መዝግባችሁ አምጡልኝ፣ አብረን እናሰላዋለን።