መልስ፦ ከተሰበረው የአቴና ጽሑፍ ስንት ፊደል ጎደለ?

ግራና ቀኙ የተሰበረ የ5ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ክርስቶስ እብነ በረድ ላይ በየመስመሩ ስንት ፊደል እንደጎደለ እንዴት ይታወቃል ብለሃል። በፎቶው ብቻ አትቁጠር፤ ጥላው ጭረቱን ፊደል ያስመስለዋል። ከተፈቀደልህ ድንጋዩን በውኃና በለስላሳ ብሩሽ አጽዳ፣ እርጥብ ወፍራም ማጣሪያ ወረቀት አልብሰው፣ የፊደሉ ቅርጽ ወረቀቱ ላይ እንዲታተም ከመሃል ወደ ዳር በጠንካራ ብሩሽ ደብድበው። አየር ከቀረበት ፊደሉ አይወጣም፤ ሳይደርቅ ከተላጠ ደግሞ ወረቀቱ ይለጠጥና ልኩ ይዛባል።

ፊደላቱ እንደ ቼዝ ሰሌዳ ወደ ታችም ከተሰለፉ ዕድለኛ ነህ፤ በየመስመሩ ያለው ብዛት በአብዛኛው እኩል ነው። አሁን የታወቀ ቀመር፣ ማለትም በአዋጆች የሚደጋገም ቋሚ ሐረግ፣ ፈልግ፤ ሙሉ ቃሉ ስለሚታወቅ ከእሱ ድንጋዩ ላይ የቀረውን ስትቀንስ የጎደለውን ታገኛለህ። «ኤዶክሰን ቴ ቡሌ ካይ ቶ ዴሞ» (ምክር ቤቱና ሕዝቡ ወሰኑ) በጥንቱ የአቴና የግሪክኛ አጻጻፍ 26 ፊደል ነው። «ክሲ» የሚባለው የግሪክ ድምፅ (ክስ) በኺና በሲግማ፣ በሁለት ፊደል እንደሚጻፍ ከረሳህ 25 ይሆንብህና ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ይንሸራተታል። አንድ መስመር ብቻውን አይበቃም፤ ቁጥሩ በሌላ መስመርም መግጠም አለበት።

ስትጽፍ የጠፋውን በማዕዘን ቅንፍ [ ] ክተት፣ አጠራጣሪውን ከሥሩ ነጥብ አድርግበት። ከታች የቀረ አንድ ቀጥ ያለ እግር አዮታም (Ι) ታውም (Τ) ሊሆን ይችላል፤ ነጥቡን አትሰስት። ቀመር ያልሆነውን ክፍት ቦታ ግን ባዶውን ተወው፣ ብዛቱን ብቻ ጻፍ። በግምት የተሞላ ቃል ነገ እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል።